ሕዝብ መሀል ብቻቸውን፦ የዴቭ ሂዝ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎችና የወጣትነት ብቸኝነት

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜይ 12 ቀን 1947 የወጣው «ላይፍ» መጽሔት ራልፍ ክሬን ያነሳውን አንድ የፎቶ ዘገባ ይዞ ነበር። ዘገባው ሲያትል ከተማ ባለ የልጆች ማሳደጊያ ስለሚኖር ልጅ ነው። ልጁ ሰው አያምንም፣ ይደባደባል፣ ቀስ በቀስ ግን ይረጋጋል። ፊላደልፊያ ውስጥ ይህን መጽሔት ካገላበጡት መካከል ዴቭ ሂዝ የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ጥለውታል። ከአንዱ አሳዳጊ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኖሮ በመጨረሻ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገብቷል። ሂዝ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው በዚያ ዘገባ ውስጥ ያየው ራሱን ነው። ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን የቆረጠውም ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የወጣትን ብቸኝነት በምን መንገድ እንደሚያስተላልፍ ለማየት ከማውቃቸው ሥራዎች ሁሉ የተሻለው ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ለጥያቄው የተዘጋጀ መልስ አለው። ቀለም ሲወጣለት ምስሉ ያዝናል ይላል። እኔ አልቀበለውም። ለብዙ አሥርት ዓመታት የሠርግ ፎቶ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ይህን ስላየ ብቻ ሙሽሮቹ አዝነዋል ያለ ሰው የለም። ግራጫ ቀለም በራሱ ስሜት የለውም። ሥራው ከሥዕሉ ውስጥ አንዳንድ ነገር ማውጣት ነው፤ ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር የሚወስነው ደግሞ ሰው ነው። የሂዝ ጉዳይ ይህን ውሳኔ ከካሜራው ፎቶ እስከሚታጠብበትና እስከሚታተምበት ጨለማ ክፍል፣ ከጨለማ ክፍሉ እስከ መጽሐፉ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ኮሪያ፣ 1953

ሂዝ ለውትድርና ተጠርቶ በ1953 ኮሪያ ሲደርስ ዕድሜው ገና ሃያዎቹን መጀመሩ ነበር። ምድቡ መትረየስ ተኳሽ ነው። የተኩስ አቁም ስምምነቱ ጁላይ 27 ቀን 1953 ተፈረመ፤ የሂዝ አገልግሎት ግን እስከ 1954 ቀጠለ። ካሜራውን ያዞረው ወደ ጓዶቹ ነው፤ አብዛኞቹ የእሱ እኩዮች ናቸው። በእነዚህ ፎቶዎች ውስጥ ፍንዳታ የለም፣ ቁስለኛ የለም፣ ድል የለም። አንዱ ተቀምጧል፣ ሌላው ተጋድሟል፣ ሌላው አጎንብሷል። ዓይናቸው ፊታቸው ያለውን ነገር አያይም።

ከዚያ ጦርነት የወጡ የወታደር ፊቶች ሲነሱ መጀመሪያ የሚታወሱት የዴቪድ ዳግላስ ደንካን ናቸው። ደንካን በ1950 ከአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኞች ጋር ሆኖ አንስቷቸው በ1951 በመጽሐፍ አወጣቸው። እነሱም ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ እነሱም ደክመዋል። ልዩነቱ የደንካን ወታደር ለምን እንደደከመ ገጹን ስትገልጥ ማግኘትህ ነው። በረዶው አለ፣ ማፈግፈጉ አለ፣ በተሽከርካሪ የተጫነው ሬሳ አለ። የሂዝ ወታደር ግን ምክንያት አልተሰጠውም። ጦርነቱ ቢያበቃ ይህ ፊት ይፈታ ይሆን? አታውቅም። በእኔ እይታ የሂዝ ፎቶዎች ስለ ጦርነት መናገር ትተው ስለ ወጣትነት መናገር የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው። የሃያ ዓመት ሰው ብቸኝነት ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ምክንያት የለውም፤ ምን ሆንክ ሲባል «ምንም» ይላል፣ ውሸትም አይደለም።

የጥቁርና ነጭ ፊልሙ ድርሻ እዚህ ላይ ምን ነበር? ፊልሙ የሚመዘግበው የብርሃንን መጠን ነው፤ የቀለሙን ዓይነት አይለይም። የደንብ ልብሱ ወይራማ አረንጓዴ፣ የድንኳኑ ሸራ፣ የአፈሩ ቡኒ፣ ሦስቱም የሚመልሱት ብርሃን ተቀራራቢ ከሆነ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ወታደር በቀለም ሲነሳ ከሁሉ በፊት ዓይን ውስጥ የሚገባው ልብሱ ነው፤ ወታደር መሆኑ ከሰውነቱ ይቀድማል። በግራጫው ውስጥ ልብስና ድንኳን እርስ በርስ ይዋጣሉ፤ የቀረው ነገር ብርሃን የሚመልሰው ግንባር፣ ጉንጭ፣ እጅ ነው። አካባቢው እንዳለ ነው፤ ፊቱ ግን ከአካባቢው ተለይቷል። ብቸኝነት ራሱ የሚመስለው እንደዚህ ነው። ሰውየው ከሰው አልራቀም፤ የሚያገናኘው ነገር ነው የደበዘዘው።

የከተማው ሕዝብ

ከኮሪያ ሲመለስ ጥቂት ጊዜ በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ትምህርት ተከታተለ፣ ከዚያ ቺካጎ፣ በ1957 ደግሞ ኒው ዮርክ። እንጀራው የሌሎች ፎቶ አንሺዎች ረዳትነት ነበር። በዚህ ዘመን አብዝቶ ካነሳባቸው ቦታዎች አንዱ የዋሽንግተን አደባባይ መናፈሻ ነው።

ስለዚያ ቦታ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በኒው ዮርክ ውስጥ ወጣት ብቻውን የማይሆንበት ቦታ ካለ እሱ ነበር። እሑድ እሑድ ጊታርና ባንጆ የያዙ ወጣቶች በመናፈሻው የውሃ ፏፏቴ ዙሪያ ተሰብስበው ይዘፍኑ ነበር። ከተማው የዘፈን ፈቃድ በከለከለ ጊዜ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1961፣ ወጣቶቹ ተቃውመው ከፖሊስ ጋር እስከ መጋጨት ደርሰዋል። መብታችን ብለው የተከራከሩለት አብሮ የመሆንን ቦታ ነው።

ሂዝ ብቸኝነትን ሊፈልግ የሄደው እዚያ ነው። ሰው የሌለበት ጎዳና፣ ባዶ ወንበር፣ ጭጋግ ውስጥ የሚሄድ ጥላ አልፈለገም። (ይህ ዓይነቱ ፎቶ ዛሬም በብዛት ይነሳል፤ አብዛኛው የሚያሳየው ባዶ ወንበር ብቻ ነው።) ወደ ሕዝቡ ተጠግቶ ፍሬሙን አጥብቦ ፊት በፊት ላይ የተደራረበበትን ምስል ያነሳል። ትከሻ ለትከሻ ይነካካሉ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ይሰማል፣ የዓይኖቻቸው አቅጣጫ ግን አይገጥምም። ጥንዶችን ሲያነሳም ብዙ ጊዜ የሚይዘው አካል ተቃቅፎ ሐሳብ የተለያየበትን ቅጽበት ነው።

በቀለም ቢነሳ እነዚህን ሰዎች የሚያያይዝ ነገር ይገኝ ነበር። የአንዷ ቀይ ሻርፕ ከወዲያ ካለው ቀይ ሹራብ ጋር ይጠራራል፤ ቀለም ለቀለም ሲመላለስ ዓይን ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል፤ ሕዝቡም ሕዝብ ይሆናል። ግራጫው ይህን ድልድይ ያነሳዋል። ያን ጊዜ ተመልካች ከሰው ወደ ሰው ለመሻገር ያለው መንገድ የእይታ አቅጣጫ ብቻ ነው። እይታዎቹ ስለማይገናኙም መንገዱ ይቋረጣል።

በ1959 ያነሳው የጃኒን ፖሚ ቬጋ ፎቶ ይህን በአንድ ሰው ያሳያል። ቬጋ በኋላ የታወቀች ገጣሚ ሆናለች፤ ያኔ ግን ገና 17 ዓመቷ ነበር። ቦታው ሰቨን አርትስ የተባለ የኒው ዮርክ ካፌ ነው፤ የዘመኑ ወጣት ገጣሚዎች ሥራቸውን በድምፅ የሚያነቡበት፣ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት። ከዚህ ሁሉ ፎቶው ውስጥ የቀረ የለም። ፊቷ ከጥቁር ውስጥ ወጥቷል፣ ሌላው ቦታ ጨለማ ነው። ካፌው ባዶ ነበር ወይስ ሙሉ? ከፎቶው ተነስቶ መመለስ አይቻልም።

ጨለማው የተሠራበት ክፍል

አብዛኛው ጽሑፍ ስለ ሂዝ ሲያወራ ወላጅ አልባነቱ ላይ ቆሞ ይቀራል። እኔ ደግሞ ይህን ክፍል ማስረዘም እፈልጋለሁ፤ ብቸኝነቱ በእጅ የተሠራው እዚህ ነውና።

ሂዝ ኒው ዮርክ እያለ የደብሊው ዩጂን ስሚዝ ተማሪ ነበር። ስሚዝ በፎቶ ዘገባ ቢታወቅም፣ የሙያ ባልደረቦቹ የሚያወሩለት አንድን ፎቶ ለማተም በጨለማ ክፍል የሚያጠፋውን ጊዜ ነው። አታሚው ነጋቲቩን፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚታይበትን ፊልም፣ በማጉያ ማሽን ወረቀት ላይ ሲያበራ ሁሉም ቦታ እኩል ብርሃን እንዲያገኝ አይገደድም። በእጁ ወይም በተቆረጠ ካርቶን እየጋረደ ለአንዱ ቦታ ብርሃን ይጨምርለታል፤ ያ ቦታ ይጠቁራል። ሌላውን ይከልልለታል፤ ያ ቦታ ይነጣል። ይህን የሚያደርገው በሴኮንዶች ውስጥ፣ እጁን እያንቀሳቀሰ ነው፤ እጁ ከቆመ ጠርዙ ወረቀቱ ላይ ይታተማል።

ወረቀቱ ታጥቦ ካለቀ በኋላም ሌላ ዕድል አለ። ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ የተባለ ኬሚካል በውሃ ተበጥብጦ በብሩሽ ጫፍ ወይም በጥጥ ሲነካው ምስሉን የሠራውን ብር ወደ ሌላ ውህድ ይለውጠዋል፤ ያን ውህድ ፊክሰር የሚባለው ምስል ማጽኛ ፈሳሽ አጥቦ ይወስደዋል፤ የተነካው ቦታ ይነጣል። አንድ ጠብታ ከበዛ ቦታው ይላጣል፣ ወይም ቢጫ እድፍ ይቀራል፣ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስሚዝ ይህን ዘዴ በብዛት ይጠቀምበት ነበር፤ ሂዝም ተካነበት። የሂዝ ህትመቶች ከሩቅ የሚታወቁት በዚህ ነው። ጥቁሩ ከባድ ነው፤ ከመሀሉ ደግሞ የቅንድብ ጠርዝ፣ የአፍንጫ መስመር፣ የጣት አንጓ እንደ እርጥብ ነገር ያበራል።

ስለዚህ ካሜራው ያየውና ወረቀቱ የሚያሳየው አንድ አይደሉም። ነጋቲቩ ላይ ከኋላ የቆመ ሰው ሊኖር ይችላል፤ አታሚው ጥቂት ሴኮንድ ጨምሮ ጥቁር ያለብሰዋል። ጓደኛ የነበረው ወጣት ጓደኛው በጨለማ ተወሰደበት ማለት ነው።

ታዲያ እነዚህ ወጣቶች እውነት ብቸኞች ነበሩ? ፎቶው ይህን ሊመሰክር አይችልም። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ፊቱ ያዘነ ይመስላል። ከሰከንድ ክፍልፋይ በኋላ ሳቀ ይሆናል፤ ያንን አናይም። የሂዝን ሥራ እንደ ዘገባ ካነበብነው ደካማ ነው፤ ስለ ኒው ዮርክ ወጣቶች ኑሮ የሚነግረን ጥቂት ነው። እንደ ራስ ታሪክ ካነበብነው ግን ጠንካራ ነው። የተጣለ ልጅ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ ሌላ የተጣለ ሰው ይፈልጋል፤ ሲያገኘውም የህትመት ጥበቡን ተጠቅሞ ከሌላው ይለየዋል። ይህ ማታለል ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፤ ምክንያቱም ሂዝ ይህ የእነሱ ሕይወት ነው ብሎ የሰዎቹን ታሪክ በመግለጫ አልደረተላቸውም። ስሜቱ የማን እንደሆነ መጽሐፉ ራሱ አይደብቅም።

ጥቁር ሁሉ ብቸኝነት አይደለም

ይህን አባባሌን የሚፈትን ሌላ ፎቶ አንሺ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን ነበር። ሮይ ዴካራቫ ሃርለም በተባለው የጥቁሮች ሰፈር ያነሳቸውን ፎቶዎች የሚያትመው እጅግ አጥቁሮ ነው፤ ከሂዝም ሳይጠቁር አይቀርም። በ1955 ከገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ ጽሑፍ ጋር በመጽሐፍ ሲወጡ ግን አንባቢ ያገኘው ቤተሰብ ነው፤ ወጥ ቤት፣ ልጅ ያቀፈ አባት፣ የሚደንሱ ጥንዶች። የዴካራቫ ጥቁር ሰዎቹን አንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል። ከፊት ወደ ፊት የሚሄደው ግራጫ ለስላሳ ነው፤ ጨለማው ውስጥ ግድግዳው፣ ሶፋው፣ የሌላው ሰው ክንድ በደብዛዛው አለ። ዓይን ከጨለማው ጋር ሲለማመድ ሰዎቹን ያገኛቸዋል። የሂዝ ጥቁር ግን የተዘጋ ነው፤ ብትቆይም የምታገኘው ነገር የለም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው «ጥቁርና ነጭ ብቸኝነትን ይገልጻል» የሚለው አነጋገር ምን ያህል እንደሚያጥር ይገባዋል። አንዱ ጥላ ውስጥ ሰው አለ፣ ሌላው ውስጥ የለም። ያን የወሰነው የአታሚው እጅ ነው።

መጽሐፉ

ሂዝ የፎቶዎቹን ቅደም ተከተል በ1961 አዘጋጀ። በ1963 የጉገንሃይም የገንዘብ ድጋፍ አገኘ፤ መጽሐፉ «ከብቸኝነት ጋር ምልልስ» በሚል ርዕስ በ1965 ታተመ። ኮሪያ፣ ፊላደልፊያ፣ ቺካጎ፣ ኒው ዮርክ በውስጡ ተቀላቅለዋል። በየመሀሉ ከባለቅኔዎችና ከደራሲያን የተወሰዱ አጫጭር ጥቅሶች አሉ። የኮሪያው ወታደር ከኒው ዮርኳ ወጣት ብዙም ሳይርቅ ይመጣል፤ ሁለቱም ግራጫ ስለሆኑ አህጉርና ዓመት አይለያያቸውም። በቀለም ቢሆን የፊልሙ ዓይነትና የዘመኑ ልብስ ብቻ ለያይቶ ባስቀመጣቸው።

ይህ መጽሐፍ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ለመረዳት ከአሥር ዓመት በፊት የታየውን ትልቅ ኤግዚቢሽን ማስታወስ ይረዳል። በ1955 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ የሙዚየሙ የፎቶግራፍ ክፍል ኃላፊ ኤድዋርድ ስታይከን ከ68 አገሮች የተሰበሰቡ 503 ፎቶዎችን አሳይቶ ነበር። መልእክቱ የሰው ልጅ አንድ ቤተሰብ ነው የሚል ነበር። ሰው በሁሉም ቦታ ይወለዳል፣ ያፈቅራል፣ ይሠራል፣ ይሞታል። የሂዝ መጽሐፍም ልጅነትን፣ ፍቅርን፣ ጦርነትን፣ ሞትን ይዞ ይሄዳል፤ መንገዱ ያው ነው። የሚደርስበት ቦታ ግን ሌላ ነው። የሂዝ ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው እያንዳንዱ ለየብቻው መሆኑ ነው። ቤተሰብ አይቶ የማያውቅ ልጅ «ትልቁ ቤተሰባችን» ለሚለው ስብከት የሰጠው መልስ አድርጌ አነበዋለሁ። ሂዝ እንዲህ ብሏል ማለቴ አይደለም፤ የእኔ ንባብ ነው።

አንባቢ ዘንድ የደረሰው በጥቂቱ ነው። ለዓመታት ፎቶ አንሺዎች እርስ በርስ የሚጠቋቆሙት መጽሐፍ ሆኖ ቆየ፤ በ2000 እንደገና ታተመ። በ2015 የፊላደልፊያ የጥበብ ሙዚየም ሰፊ ኤግዚቢሽን አዘጋጀለት።

ዛሬ ማጣሪያ ለሚነካ ወጣት

ሂዝ ጥቁርና ነጭን የመረጠው ዛሬ አንድ ወጣት ስልኩ ላይ ማጣሪያ በሚመርጥበት መንገድ አይደለም። በ1950ዎቹ ቀለም የማስታወቂያና የፋሽን ነበር፣ ውድ ነበር፣ ሙዚየሞችም አይቀበሉትም ነበር ማለት ይቻላል። የዊልያም ኤግልስተን የቀለም ፎቶዎች በዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1976 ሲታዩ እንኳ ብዙ ሐያሲ ተቆጥቷል። ለሂዝ ግራጫው የተሰጠው ነገር ነው፤ ምርጫው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ስልኩ የሚያነሳው በቀለም ነው፤ ግራጫ ማድረግ ራሱ ምርጫ ሆኗል፤ ብዙው ሰው ምርጫውን እዚያ ላይ ያቆመዋል። ማጣሪያው ግን ሥራውን በሙሉ ምስሉ ላይ በእኩል ይሠራል። ማን ይጨልም፣ ማን ይብራ አይልም። ቀይ ሹራብና አረንጓዴ ሣር አንድ ዓይነት ግራጫ ቢሆኑ፣ ፊትና ግድግዳ ቢደባለቁ፣ አይገደውም። የብቸኝነት ፎቶ ነው ተብሎ የወጣው ምስል ውስጥ ከጀርባ የተሰቀለው ፖስተር ከፊቱ በልጦ ሲያበራ አይቻለሁ፤ ደጋግሜ።

በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ የቀለማቱን መጠን ለየብቻ ማስተካከል ከተቻለ ነገሩ ወደ ሂዝ ክፍል ይቀርባል። ቀዩን መስመር ከፍ፣ ሌሎቹን ዝቅ ማድረግ የሰውን ቆዳ ያበራል፣ ሰማያዊውን ሰማይ ያጠቁራል፤ ሰማያዊውን ከፍ፣ ሌሎቹን ዝቅ ማድረግ ደግሞ ቆዳውን ያጠቁርና ጠባሳና ሽፍታውን ያወጣዋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ያለውን ሰው የሚያነሳ በተለይ መጠንቀቅ አለበት፤ ጥላውን በጅምላ ያጠቆረ ሰው ብቸኝነትን ያሳየ መስሎት ፊቱን ራሱን ያጠፋዋል። እዚህ ላይ ከሂዝ ይልቅ ዴካራቫን ማየት ይጠቅማል።

ከቴክኒኩ ሌላ የሚወሰደው ነገር የቦታ ምርጫው ነው። ወጣት ብቸኝነቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሰው መሀል ሲሆን ነው፤ ክፍል ውስጥ፣ ግብዣ ላይ፣ ሁሉም በሚስቅበት ጠረጴዛ። ባዶ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ፎቶ ተመልካቹን ወዲያው ያሳምናል፤ ወዲያውም ይረሳል። አምስት ሰው ባለበት ፍሬም ውስጥ አንዱ ብቻውን መሆኑን ማሳየት ግን መጠበቅ ይጠይቃል። ቅጽበቷ እስክትመጣ ድረስ አምስቱንም ማየት ያስፈልጋል።

ሂዝ ራሱ ጥቁርና ነጩ ላይ አልቆየም። በ1970 ወደ ቶሮንቶ ሄዶ ራይርሰን በተባለ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ለብዙ ዓመታት ፎቶግራፍ አስተማረ፤ ፎቶውን ወዲያው በሚያወጣው በፖላሮይድ ሠራ፤ በ2000ዎቹ ደግሞ ጎዳና ላይ በዲጂታል ካሜራ በቀለም ያነሳ ነበር። ጁን 27 ቀን 2016፣ 85 ዓመት በሞላበት ዕለት አረፈ። የኋለኞቹን የቀለም ፎቶዎች ከ1965ቱ መጽሐፍ ጋር ሳስተያያቸው የሰው አመራረጡ ብዙም የተለወጠ አይመስለኝም፤ አሁንም ሕዝብ መሀል በሐሳብ የነጎደውን ሰው ይፈልጋል። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ነው። ቦርሳው፣ ማስታወቂያው፣ የዘመኑ ልብስ ስለ ሰውየው ያወራሉ፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደገዛ ትገምታለህ፤ መገመት ስትጀምር ደግሞ ብቸኝነቱን ለአፍታ ትተወዋለህ። በቀለም ፎቶዎቹ ውስጥ ከተማው ይበልጥ ይታየኛል፤ ሰውየውን ሳይ ለመቆየት ግን የኮሪያዎቹን እመርጣለሁ።